«ዕቃ ቆጠራ ነው» ለሚሉን

ባለፈው ሰሞን በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ስለ ግቢው ኔትወርክ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከመድረኩ የቀረበው ዕቅድ ባጭሩ ይህ ነው። በኔትወርኩ ላይ የሚገኝ መሣሪያ ሁሉ፣ የተቋሙም ይሁን የመምህሩና የተማሪው የግል ንብረት፣ ከአንድ ክፍል ሆኖ በሶፍትዌር ይፈተሻል፤ አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ ፕሮሰሰሩና የኔትወርክ ካርዱ ቁጥር ተመዝግቦ ከባለቤቱ ስም ጋር ይያያዛል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ዕቃ ቆጠራ ነው፤ የማንንም ደብዳቤ አናነብም» የሚል መልስ ተሰጠ። ከአዳራሹም ጭብጨባ ተሰማ።

ይህን የምጽፈው ላጨበጨቡት ነው።

አስቀድሜ እውነቱን ልመን። ተቋሙ የራሱን ዕቃ ከሩቅ መቁጠሩ ተገቢ ነው፤ እኔም ይህንኑ አስተምራለሁ። ኤስኤንኤምፒ የተባለው ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ስዊቹን ወይም ፕሪንተሩን «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ መሣሪያውም ሞዴሉን፣ ብዙ ጊዜም መለያ ቁጥሩን ይናገራል። ያለውን የማያውቅ ተቋም ያለውን ሊጠብቅ አይችልም። (በነገራችን ላይ የዚህ ፕሮቶኮል የቀድሞ ስሪቶች የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥሩ ነው የሚልኩት። ከፋብሪካ የመጣውን «ፐብሊክ» የሚል ቃል እንኳ ሳይቀይሩ ስለ ደኅንነት የሚሰብኩንን ታዝበናል።)

ነገር ግን የእኔ ላፕቶፕ የተቋሙ ፕሪንተር አይደለም። እዚህ ላይ ሊቃውንቱ የሸፈኑት አንድ ነገር አለ። በኔትወርክ በኩል ተነሥቶ የአንድን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ የሜሞሪ መጠንና የማዘርቦርድ መለያ ቁጥር ማንበብ የሚቻለው በዚያ ኮምፒውተር ላይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲኖር፣ ወይም አንዳች ፕሮግራም ሲተከልበት ነው። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ ፋይሉንም መክፈት ይችላል። ስለዚህ «ደብዳቤ አናነብም» የሚሉን ሰዎች በዚያው አፋቸው የደብዳቤውን ሣጥን ቁልፍ እየጠየቁን ነው። አያነቡ ይሆናል። ቁልፉ ግን በእጃቸው ይገባል።

«እሺ፣ የማክ አድራሻው ብቻ ይበቃናል» ይሉ ይሆናል። ማክ አድራሻ 48 ቢት ያለው ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው አጋማሽ አይ ትሪፕል ኢ ለአምራቾች የሚያድለው ስለሆነ ዕቃውን ማን እንደ ሠራው ይጠቁማል። ይህ ቁጥር ከራውተር ወዲያ አይሻገርም፤ የሚያየው የቅርቡ ኔትወርክ ባለቤት ነው። ይኸውም ተቋሙ ራሱ ማለት ነው። ቁጥሩ ከስሜ ጋር አንዴ ከተጻፈ፣ ስልኬ የትኛው ሕንጻ ካለው የዋይፋይ ማሠራጫ ጋር በስንት ሰዓት እንደ ተገናኘ የሚያሳየው መዝገብ የእኔ የውሎ መዝገብ ሆነ። መቼ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፣ ከየትኛው ተማሪ ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጥሁ፣ ማታ በስንት ሰዓት ከግቢው ወጣሁ፤ አንድም ደብዳቤ ሳይነበብ ይታወቃል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ስልኮቹ ዋይፋይ ሲፈልጉ የሐሰት አድራሻ እንዲያሳዩ ማድረግ የጀመረው፣ በ2020 ደግሞ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የተለየ አድራሻ እንዲሰጡ ያደረገው ይህን ፈርቶ ነው። የእኛ ዕቅድ ግን «ይህን መከላከያ አጥፉ» ይለናል!

የመሣሪያ ቁጥር የሰው ቁጥር ይሆናል የሚለው ሥጋት አዲስ አይደለም። ኢንቴል በ1999 በፔንቲየም 3 ፕሮሰሰር ውስጥ መለያ ቁጥር ባኖረ ጊዜ የተነሣው ተቃውሞ በኋለኞቹ ምርቶቹ እንዲተወው አስገድዶታል። በ2005 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፒውተሩን ሳይነኩ፣ ሰዓቱ በምን ያህል እንደሚዛባ ብቻ ከርቀት በመለካት፣ አንዱን ማሽን ከሌላው መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል።

በአገራችንስ? በ2010 ዓ.ም. መባቻ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ቀፎዎችን በአይኤምኢአይ ቁጥራቸው ወደ መመዝገብ ሲገባ የተነገረን ምክንያት ኮንትሮባንድና ስርቆት ነበር። ምክንያቱ ሐሰት ነው አልልም። ሂዩማን ራይትስ ዋች ግን ከዚያ ቀደም፣ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የደኅንነት ሰዎች የጥሪ መዝገብን ያለ ገደብ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ እንደሚያገኙና በምርመራ ላይ እንደሚጠቀሙበት ዘርዝሯል። የጥሪ መዝገብ የንግግሩን ይዘት አይዝም፤ ማን ለማን ደወለ ይላል እንጂ። ሰዎችን ለማስጨነቅ ያ ብቻ በቅቷል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወደ ሰው ኮምፒውተር ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታ ለተለየ፣ ግልጽና ሕጋዊ ዓላማ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። «ለማንኛውም ይመዝገብ» ዓላማ አይደለም። ኔትወርኩ እንዳይበከል ከሆነ የሚፈለገው፣ የግል መሣሪያዎችን ከተቋሙ ሰርቨሮች ለይቶ በሌላ የኔትወርክ ክፍል ማኖር ይቻላል። ይህን ለማድረግ የማንም ፕሮሰሰር መመዝገብ የለበትም።

ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ አስገብቻለሁ፤ መዝገቡን ማን ይይዛል? ለስንት ጊዜ? በማንስ ደብዳቤ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላልፎ ይሰጣል? መልስ እስኪመጣ ላፕቶፔን ከቢሮው ገመድ ነቅያለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የተቋሙ አሮጌ ኮምፒውተር እንደ ተሰካ ነው፤ እሱን ይቁጠሩት።