ለጀማሪው መሐንዲስ መገጣጠሚያው ወይስ ጋራዡ?

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የወልቂጤና የቡታጅራ ቤተሰብ ልጁን መሐንዲስ አድርጎ ማስመረቅ ብርቅ አልሆነበትም። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከምርቃቱ ማግስት ነው። መካኒካል ምህንድስና አጥንቶ ወደ መኪናው ዘርፍ ለሚያዘነብለው ወጣት ሁለት በሮች ይታያሉ። አንደኛው የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ሲሆን ሁለተኛው የጥገናው ዓለም ነው፤ ማለትም የአስመጪዎች ሰርቪስ፣ የትራንስፖርት ድርጅቶች የጥገና ክፍልና የከተማው ጋራዥ። ቤተሰብ የሚመዝነው ማዕረጉንና የወር ደሞዙን ነው። በነጋዴ ሚዛን ሲለካ ግን ሁለተኛው በር ያመዝናል።

ፋብሪካው የራሱ ጥቅም አለው። ጀማሪው የሥራ ሥርዓት፣ የሰዓት አክብሮትና የጥራት ቁጥጥር ይማርበታል። መንግሥትም በ2014 ዓ.ም. ተፈትተው ለሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች የጉምሩክ ቀረጥን ሲያነሳ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት ደግሞ 15 በመቶ ወስኗል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲታገድ የባለሀብቱ ዐይን ይበልጥ ወደ መገጣጠሚያ ዞረ።

ይሁን እንጂ በሣጥን የመጣ ዕቃ የሚገጣጠመው ዕቃው እስከመጣ ድረስ ነው። ዶላር ሲጠፋና ኤልሲ ሲዘገይ መስመሩ ይቆማል፤ ጀማሪው መሐንዲስም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። «አባይ» የተሰኘችውን መኪና ለገበያ አቅርቦ የነበረው ሆላንድ ካር በ2005 ዓ.ም. ግድም ሲወድቅ ነጋዴው አይቷል። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጣቢያ አንድ ዓይነት ብሎን ሲያጠብቅ የከረመ ወጣት ፋብሪካው ሲዘጋ ይዞት የሚወጣው ሙያ ጥቂት ነው።

ጥገና ግን መኪና ባለበት ሁሉ አለ። የ2016ቱ እገዳ ከውጭ የሚገባውን እንጂ በመንገድ ላይ ያለውን አይነካም። በጅማ መንገድ ወልቂጤን የሚያቋርጠው አይሱዙ፣ ከአለም ገና በቡታጅራ ወደ ሆሳዕና የሚወርደው ሚኒባስ ገና ለዓመታት ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ኢንጄክተር ይፈልጋል። በሌላ በኩል ኤሌክትሪክ መኪናውም እየመጣ ነው። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ደርሶ መመለስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትንንሾቹ መኪኖች ይህን በአንድ ሙሌት ለመዝለቅ ይቸገራሉ። መንገድ ላይ የቆመችውን መኪና ባትሪው ይሁን ሽቦው ለይቶ የሚናገር ባለሙያ በየከተማው ያስፈልጋል። ከፍተኛ ቮልቴጅ ደግሞ በግምት የሚነካካ ነገር አይደለም፤ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ጀማሪው ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። በዓመት ስንት ዓይነት መኪና በእጁ ያልፋል? የብልሽት መመርመሪያ መሣሪያውን ራሱ ይይዛል? የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ይሰጠዋል? የመለዋወጫ ግዢና ዋጋ እንዲያይ ይፈቀድለታል? ለእነዚህ አዎንታዊ መልስ የሚሰጥ ቤት ደሞዙ ቢያንስም ይመረጣል። ሠራተኛውን ከክፍል ክፍል እያዘዋወረ የሚያስተምር ፋብሪካ ከተገኘም እሰየው ነው።

ባለሀብቱም ተመልካች ብቻ ሊሆን አይገባውም። የጉራጌ ነጋዴ ልጅን በሱቅ አስገብቶ፣ ሚዛንና ደንበኛ አስለምዶ፣ በመጨረሻ በዱቤ ዕቃና በዕቁብ ገንዘብ አቋቁሞ መሸኘትን ያውቅበታል። ይኸው ወግ ለመሐንዲሱ ለምን አይሠራም? በድምፁ ብቻ የሞተርን ሕመም የሚያውቅ አንጋፋ መካኒክና ኮምፒውተር ማንበብ የሚችል ወጣት በአንድ ጋራዥ ቢጣመሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። ወጣቱ ግሪስ መንካት ካፈረ፣ አንጋፋውም ዲግሪውን ከናቀ ግን ኪሳራው የባለ ጋራዡ ነው። ትርፍ የሚጋራበት ውል ከመጀመሪያው ቢጻፍለት ደግሞ ሙያውን ከያዘ በኋላ ጥሎ አይሄድም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለማዕረግ ተቸኩሎ የተያዘ ሥራ ገበያው ሲናወጥ አይጸናም። የመኪናው ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ተፈላጊነቱ የሚጨምረው ብልሽቱን የሚያውቀው ሰው ነው። ለሁለት ሦስት ዓመት በትንሽ ደሞዝ የተገዛ ሙያ፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ ውሎ አድሮ ከነወለዱ ይመለሳል።