ድንጋዩ የነበረበት ቦታ

ጥሊሊ ላይ የወሰን ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ዲከረንስ እየተተከለ ከሰል ማክሰል ከተለመደ ወዲህ ደግሞ ብሷል፤ ቀድሞ ለግጦሽ እንኳ የማይፈለገው የማሳ ጠርዝ ዛሬ ገንዘብ ነው። አጎቴም የተከሰሰው በእንዲህ ያለ ጠርዝ ምክንያት ነበር። ከሳሿ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ጎረቤታችን ነበሩ። ሽማግሌዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገሩን በሚሰሙበት ወቅት እኔ ለበዓል ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ነበር። በልጅነቴ በዚያ ማሳ ዳር ከብት እጠብቅ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ሁሉ «እሱ ያውቃል» ብለው ለምስክርነት ጠሩኝ።

አውቅ ነበር። የወሰኑ ድንጋይ የት እንደ ነበረ፣ ማን እንዳነሣው፣ በየትኛው ክረምት እንዳነሣው አውቅ ነበር።

በዋዜማው ምሽት ግን አጎቴ ወደ ጓሮ ጠርቶ «ልጄ፣ እውነት እንደ ተመልካቹ ነው ያልኸን አንተ አይደለህ እንዴ?» አለኝ። ብዬ ነበር። በበዓሉ ማዕድ ፊት፣ አዲስ በተማርሁት ፍልስፍና ልቤ አብጦ፣ ፍጹም እውነት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሰው ሁሉ የየራሱ እውነት እንዳለው፣ የነፍስ አባታችን እየሰሙ አስተምሬያለሁ። የጠቀስሁትም የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ነበር። በማግስቱ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ «ልጅ ነበርሁ፤ ነገሩን ሁሉም በየፊናው ነው የሚያየው» አልሁ። ሴትዮዋ አላለቀሱም፤ አልረገሙኝምም። በአዊኛ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ልጄ፣ ድንጋዩ ግን አንድ ቦታ ነበር» ማለት ነው።

ከዚህች ቃል ጋር ስሟገት ዓመታት አለፉ።

ሐተታን ከልቤ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዘመኑ፣ አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀብለው፣ አገሩን በአዋጅና በሰይፍ ሊያስከትሉ ሞክረው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንበሩን ለልጃቸው ለፋሲለደስ የለቀቁበት ነው። (ለእኛ ለአገው ምድር ሰዎች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ንጉሡን ያሳመነው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የዓባይን ምንጭ ያየው ከጥሊሊ ብዙ በማይርቀው በሰከላ፣ ግሽ ላይ ነው።) ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ የተሸሸገው ዘርዓ ያዕቆብ፣ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ቀና ነው የሚል ከሆነ ፈራጁ ማነው ብሎ ይጠይቃል። እኔ ተማሪ ሳለሁ መጽሐፉን የዘጋሁት እዚህ ላይ ነበር! እርሱ ግን አልዘጋውም፤ ጸለየ፣ መረመረም። እውነት እንደየሰዉ ብትሆን ኖሮ ምን ሊያገኝ ይመረምራል?

መጽሐፉ ራሱ ያስነሣው ክርክርም አለ። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 የሐተታው ደራሲ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ የዘርዓ ያዕቆብ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከመ። ሙግቱ ዛሬም አልተቋጨም። ይሁን እንጂ «ለአንዱ የጣሊያናዊው፣ ለሌላው የኢትዮጵያዊው ይሁን» ብሎ የሚያስታርቅ ሊቅ አላየሁም። የእኛ አለማወቅ ደራሲውን ሁለት አያደርገውም።

ፍጹም እውነት አለ የሚል ሰው ያስፈራል ይሉኛል ወዳጆቼ፤ ሱስንዮስንም ይጠቅሱልኛል። ፍርሃታቸውን አልንቅም፤ በአገራችን በሃይማኖት ስም የፈሰሰው ደም ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ያ ሰይፍ ክፉ ነበር ለማለት ከንጉሡ ፈቃድ በላይ የሆነ ልክ ያስፈልገናል፤ አለዚያ ሱስንዮስም ነገሩን በየፊናቸው አይተውት ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ። ይህን ስል እውነት የግሌ ናት ማለቴ ሳይሆን በእኔም ላይ ትፈርዳለች ማለቴ ነው። ጲላጦስ እውነት ምን እንደ ሆነች ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ወጣ። ጥያቄው የፈላስፋ ይመስላል፤ ቀጥሎ ያደረገው ግን በደል ያላገኘበትን ሰው ለስቅላት አሳልፎ መስጠት ነው። ኦሪት ዘዳግም በ27ኛው ምዕራፉ፣ የጎረቤቱን ወሰን በሚነቅል ሰው ላይ ርግማን ሲነገር ሕዝቡ ሁሉ አሜን እንዲል ያዝዛል። እኔ ያን ቀን አሜን ማለት በሚገባኝ ቦታ ፍልስፍና ተናገርሁ። ጠርዙም ለአጎቴ ተፈረደ።

ሽማግሌዎቹ ከአንዱ በቀር በሕይወት አሉ። ለፋሲካ ስመጣ እንደገና እንዲቀመጡልኝ ልኬባቸዋለሁ። ሴትዮዋም «ይምጣ» ብለዋል አሉኝ። አጎቴ ስልኬን አያነሣም።