ከፋዩ ሒሳቡን አስቀድሞ ይወቀው

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለችውን ሐሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የአንድ ሰው የሞተር ሳይክል ጉዳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ታርጋ የተለጠፈበትን ሁሉ የሚነካ ነው። ጋዜጣችሁን በየቢሮው የሚያነበው የመንግሥት ሠራተኛም ዛሬ ከመስኮቱ በወዲያ ተቀምጦ ቢያስተናግድ ነገ ከመስኮቱ በወዲህ ተሰልፎ ይስተናገዳልና፣ ጉዳዩ የሁለታችንም ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እናቴ ከከተማው ወጣ ብሎ በገጠር ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ የስኳር ሕመምም አለባት። ሌሊት ሲብስባት ሰው በቃሬዛ ተሸክሟት ሲመጣ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር የዕቁብ ዕጣ ሲወጣልኝ፣ ከመምህራን የቁጠባና ብድር ማኅበር የጎደለውን ተበድሬ፣ ያገለገለች ሞተር ሳይክል በ180,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ የሌላ ከተማ ሰው ስለ ነበረ ስም የማዞሩ ሥራ የሚፈጸመው በዚያው ነበር። የከተማውንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም፤ አንዱን ጠርቼ ባሳፍር ሌላው ጋ የማይደረግ ይመስላልና።

በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ አንዲት መምህርት የአምስት ሳንቲም ከረሜላ እንኳ ብንገዛ ቀኑንና ዋጋውን በደብተር እንድንጽፍ ታስገድደን ነበር። ያን ጊዜ በስውር እንስቅባት ነበር፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በዚህም ምክንያት የሞተሯን ወጪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ጽፌ ይዣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ሄጄ «ስም ለማዞር ጠቅላላ ስንት ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅሁ። ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና፣ «እሱ በሂደት ነው የሚታወቀው፣ መምህር፤ መጀመሪያ ክሊራንስ ያምጡ» አለኝ። ክሊራንሱን ይዤ በሁለተኛው ጊዜ ስመለስ የሻጩ ፎቶግራፍ ጎደለ። በሦስተኛው ጊዜ የሻንሲ ቁጥሩ መነሣት ነበረበት፤ ቁጥሩንም የሚያነሣው በበሩ ላይ የቆመ፣ ሠራተኛ ይሁን መንገደኛ ያልታወቀ ልጅ ነው። በአራተኛው ጊዜ ሒሳቡ ተሠራ። የቴምብር ቀረጥ በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት በንብረት ስም ላይ ከመቶ 2 መሆኑን አንብቤ ስለ ነበር 3,600 ብር ቆጥሬ ይዤ ነበር የሄድሁት። ነገር ግን፣ «በውሉ ላይ ያለውን ዋጋ አንቀበልም፤ የራሳችን ግምት አለን» ተባልሁና በ230,000 ብር ታስቦ 4,600 ሆነብኝ። ግምት መኖሩን አልቃወምም፤ ዋጋ አሳንሶ የሚዋዋል ሰው ስለ መኖሩ እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ያ የግምት ሠንጠረዥ የት ተለጥፏል? ለማየት ብጠይቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልሁ። ከፋዩ የሚከፍልበት ሰነድ ለከፋዩ የሚደበቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

በአምስተኛው ጊዜ ጉዳዩ አለቀ። ደብተሬ የሚለውን ልንገራችሁ። በሞዴል 64 ደረሰኝ የከፈልሁት ከነልዩ ልዩ የአገልግሎቱ ክፍያ 5,750 ብር ነው። ደረሰኝ ያላገኘሁበት፣ ይኸውም ለቅጽ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለፎልደር፣ ለሻንሲው ልጅ፣ «ለስፖርት» ተብሎ ለተቆረጠልኝ ቲኬትና ሳልመኝ ለተሸጠልኝ የቶምቦላ ዕጣ (ቶምቦላውም አልወጣልኝም) 2,345 ብር ነው። ለመሳፈሪያ፣ ለምሳና አንድ ሌሊት ለአደርሁበት አልጋ 4,900 ብር። እንግዲህ መንግሥት ከእኔ በሕግ የሚፈልገው 5,750 ሲሆን እርሱን ለመክፈል ስል የከሰርሁት 7,245 ሆነ ማለት ነው። ግብሩን የሚያስከፍለው መንገድ ከግብሩ በለጠ። የቀረሁባቸው አምስት ቀናትም አሉ፤ በእነዚህ ቀናት ሃያ ክፍለ ጊዜ ያለ አስተማሪ አልፏል። ለእነርሱ ደብተሬ ውስጥ ዋጋ አላገኘሁላቸውም።

አንድ ቀን ይህንኑ ነገር ስምና ቦታ ሳልጠራ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጥያቄ አድርጌ ሰጠኋቸው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጅዋን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እኩልታው አንድ ነው፤ ያልታወቁት ግን ስንት እንደሆኑ አልነገሩንም፤ ታዲያ እንዴት ይፈታል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ግብር አይከፈል የሚል ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩኝ አደራ እላለሁ። ደመወዝተኛ ከማንም በፊት ግብር ይከፍላል፤ ገንዘቡን ሳያየው ተቆርጦ ነውና። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማለቱን በየቢሮው እንዴት እንደ ተነጋገርንበት ታስታውሳላችሁ። ከፍ ያለው ትንሽ ነው፣ ብዙ ነው ብለን ተከራክረናል፤ ልንከራከር የቻልነው ግን ቁጥሩ የታወቀ ስለሆነ ነው። በደመወዝ መክፈያው ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ ይታያል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም ያረጁ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ ከዋጋቸው ብዙ እጥፍ እንዲከፈልባቸው አድርጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ የተነሣ በሌላው ዓለም በየዓመቱ ዋጋው የሚወርደው አሮጌ መኪና በእኛ አገር እንደ መሬት ዋጋው ሲወጣ አየን። ይህም ቢሆን መራራ እንጂ ስውር አይደለም፤ ያለውን አዋጅ ገዝቶ ማንበብ ይቻላል። ሲንጋፖር በምትባለው ትንሽ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባለቤትነት መብቱን በጨረታ ይገዛል፤ ይህ ወረቀት ብቻውን ከመኪናው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሰውም ያማርራል። ነገር ግን ጨረታው በወር ሁለት ጊዜ ይካሄዳል፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይወጣል፤ ያልቻለም ቤቱ ቁጭ ይላል። እኛ ዘንድ ግን መቻል አለመቻልህን የምታውቀው ገንዘብህን ግማሽ ከጨረስህ በኋላ ነው።

የታርጋና የቦሎ ስማቸው ከጣሊያን የመጣ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። «ኮቴ» የሚባለው ክፍያ ግን የራሳችን ነው፤ ከከብት ኮቴ የመጣ ይመስለኛል፣ ዛሬ የሚከፍለው ጎማ ቢሆንም። በቀድሞ ዘመን ሲራራ ነጋዴ በየበሩ ቀረጥ እየከፈለ ያልፍ ነበር፤ በእኛው አገር ይፋግ የታወቀች ገበያም የቀረጥ በርም ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በሠረገላ ሲያስጎትቱ ደግሞ ቀረጡ የሰው ትከሻ ነበር። ዛሬ ለመንገድ ጥገና በ1989 ዓ.ም. በተቋቋመው የመንገድ ፈንድ አማካይነት በየሊትሩ ነዳጅ ላይ እንከፍላለን። ይህን የከፈለ ሾፌር የፎገራን ሩዝ ወይም የደራን ጤፍ ጭኖ ሲሄድ፣ ሕጋዊው ከሕገ ወጡ በማይለይበት ኬላ ላይ እንደገና ገመድ ይወጠርበታል። መንግሥት ራሱ ሕገ ወጥ ኬላዎች እንዲነሡ በተደጋጋሚ አስታውቋል። ገመዱ ግን ዛሬ ከዚህ ቢፈታ ነገ ከወዲያኛው ድልድይ ይወጠራል። «እኔ መኪና የለኝም፤ ምን አገባኝ?» የሚል የአዲስ አበባ አንባቢ ቢኖር፣ ያ ገመድ በሚገዛው ኪሎ ሩዝ ውስጥ እንዳለ ይወቅልኝ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳጻፈኝ ነገር ልምጣ። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ ልጅ አለ፤ በትምህርቱ ባይገፋም ጠንካራ ሠራተኛ ነው። አባቱ በሬ ሸጠው፣ እርሱም ዕቁቡን ጨምሮ ያገለገለች ባጃጅ ገዛ። ስም ለማዞር ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ በየጊዜው አዲስ ነገር ተጠየቀ። ገንዘቡ አለቀበትና፣ «ትንሽ ሠርቼ ልያዝና ስሙንም ምርመራውንም ኢንሹራንሱንም በአንድ ላይ እጨርሳለሁ» ብሎ በቀድሞው ባለቤት ወረቀት መሥራት ጀመረ። የቦሎው ቀን አለፈ፤ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም አብሮ አለፈ። ያለ እርሱ መንዳት ክልክል መሆኑን አያውቅም አልልም፤ ጥፋቱ የእርሱ ነው። በአንድ የገበያ ቀን ግን ቁልቁለት ላይ አንዲት አሮጊት ገጨና እግራቸውን ሰበረ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ልጁ ባጃጇን በርካሽ ሸጦ ለሕክምና ከፈለ፤ እንዲያም ሆኖ አልበቃም። እሜቴ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ልጁም የቀን ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቷል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ኢንሹራንስ በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው ካሣ የሚሰጥ ፈንድ እንዳለ ይደነግጋል። በዚያ የሽምግልና ጥላ ሥር ከተቀመጥነው ውስጥ ግን፣ እኔ አስተማሪው ጭምር፣ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ያነበብሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። የሚከፈለውን የማናውቅ ሰዎች የሚከፈለንንም አላወቅንም።

ልጁ በኋላ መጥቶ ሲሰናበተኝ፣ «ቲቸር፣ ጠቅላላውን በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ ሁለት ወር ቆይቼ እገዛት ነበር» አለኝ። ይህ ቃል ከልቤ አልወጣም።

አንዳንድ ሰው፣ «የባለሙያው ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ኑሮ ተወድዷል፤ ምን ያድርግ?» ይላል። የእኔም ደመወዝ ትንሽ ነው። ነገር ግን ተማሪ ውጤቱን ለማየት ሲመጣ የቶምቦላ ዕጣ አልሸጥለትም። ደግሞም ሁሉ ነገር የሠራተኛው ስስት አይደለም፤ ብዙው ከልማድ የመጣ ነው። የስፖርቱን ቲኬት ሽጡ የተባሉት ከበላይ ታዘው ነው፤ ሳይሸጡ ቢቀሩ የሚጠየቁት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ማስተካከል ያለበት የሚያዝዘው ነው። መዋጮ መዋጮ ከሆነ በፈቃድ ይሰብሰብ፤ ከአገልግሎት መስኮት ግን ይራቅ።

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አገልግሎቱ በስንት ደቂቃ እንደሚፈጸም በዚያ ተጽፎ አንብቤአለሁ፤ እኔ በሄድሁበት ቤት ደቂቃው አርባ ይል ነበር፤ ለእኔ አምስት ቀን ፈጀ። የምለምነው ይህ ሰሌዳ አንድ ዓምድ እንዲጨመርለት ነው፤ ጠቅላላ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ፣ የግምቱ ሠንጠረዥ ከነዓመቱ፣ የሚያስፈልገውም ወረቀት ሁሉ በአንድ ላይ ተጽፎ ይሰቀል። በሰሌዳው ያልተጻፈ አይጠየቅ፤ የተጠየቀም ሁሉ በሞዴል 64 ይሁን። በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት ደስ ብሎኛል፤ ወደ ወረዳ እስኪደርስ ግን ሰሌዳና ቀለም ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።

የማይቻል ነገር እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአራተኛው ቀን ተናድጄ ልወጣ ስል፣ በጥጉ መስኮት የተቀመጡ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት ሠራተኛ ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ቁጭ በል፤ ልጻፍልህ» አሉኝ። የተበላሸ ቅጽ ገልብጠው በጀርባው ላይ የቀረኝን ወረቀት ሁሉ፣ የምከፍለውንም ብር እስከ መጨረሻው ቁጥር፣ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት ዘረዘሩልኝ። ጉዳዬ በማግሥቱ ያለቀው በዚያች ወረቀት ነው። ሲሰጡኝም ጊዜ የወሰደባቸው አራት ደቂቃ ያህል ነበር። ወረቀቷን በትምህርት ቤታችን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ለጥፌአታለሁ፤ እስካሁን ሰባት ሰዎች ገልብጠዋታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
(ከአንበሳሜ)