ነጩ ከየት ይምጣ? በቤት ስለሚታተሙ ዲካሎች የተሰጠ ምላሽ

በሞዴል አውሮፕላንና ታንክ ሠሪዎች ዘንድ እንደ ሕግ የሚታይ አባባል አለ፦ ጠቆር ባለ መደብ ላይ የሚለጠፍ ዲካል በቤት ማተሚያ አይሠራም፤ ነጭ የሚያትም ማሽን የሌለው ሰው አይድከም። ዲካል የሚባለው ሙጫ በተቀባ ወረቀት ላይ ባለ ስስና ግልጽ ሽፋን ላይ ታትሞ፣ ውሃ ሲነካው ከወረቀቱ ተንሸራትቶ ሞዴሉ ላይ የሚያርፍ ምስል ነው። አባባሉ የተነሣበት ትዝብት እውነት ነው። የሚደርስበት ድምዳሜ ግን ከትዝብቱ አይከተልም።

በመጀመሪያ እውነቱን እንስጠው። ኢንክጄትም ሆነ ሌዘር፣ የተለመደው የቤት ማተሚያ የሚይዘው ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነው። ከጥቁሩ በቀር ሌሎቹ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ነጭ የሚባለውን ደግሞ ማሽኑ ከወረቀቱ ይበደራል። እ.ኤ.አ. በ1940 የበረረ የእንግሊዝ ስፒትፋየር ጎን ላይ ያለውን ክብ ምልክት እንውሰድ። ከመሃል ወደ ውጭ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነው፤ የሚያርፈውም በጥቁር አረንጓዴና በአፈርማ ቡናማ ካሞፍላጅ ላይ ነው። በግልጽ ወረቀት አትመን ብንለጥፈው ቢጫው ቀለበት ይደበዝዛል፣ ነጩም ፈጽሞ አይኖርም፤ በእሱ ቦታ ማሽኑ ምንም አላተመምና።

ብዙዎች ለዚህ የሚያቀርቡት መፍትሔ አንዱን ዲካል በሌላው ላይ መደረብ ነው። ይህ አይረዳም። ፓውል ኩቤልካና ፍራንዝ ሙንክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ የቀለም ሽፋንን ሁለት ባሕርያት ለይቶ ይመለከታል፦ ብርሃን መምጠጥንና ብርሃን መበተንን። ማተሚያ ቀለም በደንብ ይመጥጣል፤ የሚበትነው ግን ጥቂት ነው። ሁለት ቢጫ ብርጭቆዎች ቢደራረቡ ከኋላቸው ያለው ጨለማ ቢጫ እንደማይሆን ሁሉ፣ ሁለተኛው ሽፋን የሚጨምረው መምጠጥን ነው፤ ምልክቱም ይበልጥ ይጠቁራል።

መደቡን የሚጋርደው መበተን ነው፤ በዚህ ደግሞ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን የሚስተካከል ነጭ ጥቂት ነው። ብርሃን የመስበር አቅሙ 2.7 ገደማ ሲሆን፣ የሚያያይዘው ሙጫ 1.5 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ በመሆኑ ስስ ሽፋን እንኳ ብርሃኑን ወደ ዓይን ይመልሰዋል። ይኸው ፒግመንት ከውሃ ከአራት ጊዜ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ በፈሳሽ ቀለም ውስጥ ይዘቅጣል፣ የኢንክጄትንም ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። የጃፓኑ አልፕስ ኩባንያ የኤምዲ ማተሚያዎች በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ የተወደዱት ነጩን በደረቅ ሪባን ስለሚያትሙ ነበር። ማሽኖቹ ግን ከገበያ ከወጡ ቆይተዋል፤ በኋላ የመጡት ባለ ነጭ ቶነር ማተሚያዎችም ለቤት ኪስ የሚቀመሱ አይደሉም።

የእኔ ተቃውሞ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፊዚክሱ የሚጠይቀው ከቀለሙ ሥር ነጭ እንዲኖር ነው፤ ነጩና ቀለሙ ከአንድ ማሽን እንዲወጡ አይጠይቅም። በስክሪን ፕሪንት የሚታተሙ የፋብሪካ ዲካሎችም ብዙ ጊዜ ነጩን ለብቻው አስቀድመው ያነጥፋሉ፣ ቀለሙን ከላይ ያሳርፋሉ። ሁለቱ በትክክል ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ በምልክቱ ጠርዝ የምትታየው ነጭ መስመር ለዚህ ምስክር ናት። ቤት ውስጥም ይኸው ሥራ በሦስት መንገድ ይሠራል፦ በነጭ ዲካል ወረቀት (ሽፋኑ ግልጽ ሳይሆን ነጭ በሆነው) ላይ አትሞ በጠርዙ በመቁረጥ፣ ከነጭ ዲካል የተቆረጠ ንጣፍ ከሥር በመለጠፍ፣ ወይም በማስኪንግ ቴፕ ከልሎ ሞዴሉን ራሱን ነጭ በመቀባት። ለስፒትፋየሩ የመጀመሪያው ይበቃል። 35 ኢንች የነበረው ምልክት በ1/72 መጠን 12.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ የውጭ ጠርዙ ሙሉ ክብ ስለሆነ ኮምፓስ ላይ በታሰረ ስለት ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ጠርዝም ቢጫ ይቀባል።

ተቃዋሚዎች ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው ውፍረት ነው። 0.02 ሚሊሜትር የሆነ ሽፋን በ1/72 ሲሰላ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 1.44 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም ማለት ነው፤ ሁለት ሲደረብ ያብጣል። ይህ ክርክር ንጣፍ ዲካልን ይነካል፤ ስስ ተቀብቶ ጠርዙ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት የተስተካከለን ነጭ ግን አይነካም። ሁለተኛው አለመገጣጠም ነው። ነጩ ከቀለሙ በዙሪያው 0.1 ሚሊሜትር ያህል ይነስ። ጤነኛ ዓይን ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት የሚለየው ትንሹ ነገር 0.09 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ የጠቆረችው ጠርዝ በዓይን ወሰን ላይ ናት።

የማይካድ አንድ ክልል ይቀራል። አንድ ኢንች ቁመት የነበረው ነጭ ጽሑፍ በ1/72 ሲቀነስ 0.35 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን የሚቆርጥ ስለትም፣ የሚከልል ቴፕም የለም፤ እዚህ ላይ ነጭ የሚያትም ማሽን ወይም የፋብሪካ ዲካል ግድ ነው። የአባባሉ ስሕተት ለእነዚህ ደቃቅ ጽሑፎች የሚሠራውን ደንብ በምልክቶች ሁሉ ላይ መጫኑ ነው።

ስለዚህ ማሽን ከመፈለግ በፊት እያንዳንዱን ምልክት መመርመር ይገባል። መደቡ ነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ከሆነ ግልጽ ወረቀት ይበቃል። መደቡ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ግን የሚቆረጥ ከሆነ ነጭ ወረቀት ይሠራል፤ ስለት የማይከተለው ሰፊ ምልክት ሲሆን ነጩ በቀለም ይቀባል። በኢንክጄት የታተመው ሁሉ ውሃ ከመንካቱ በፊት በግልጽ ቫርኒሽ ይሸፈን፣ አለዚያ ቀለሙ ይሟሟል። ባለ ነጩ ማሽን የሚያስፈልገው ከዚህ ሁሉ ለተረፈው ጥቂት ብቻ ነው።