የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ትምህርት ቤትና ሰፈር

ይህ እትም የሚያተኩረው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ‹‹ሳን ጆሴፍ›› እያለ በሚጠራውና በወንዶች ትምህርት ቤትነቱ በሚታወቀው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት እንዲሁም በአካባቢው ማኅበረሰብ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1959 የመሠረቱት የላሳል ወንድሞች፣ ማለትም ቅዱስ ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል እ.ኤ.አ. በ1680 በፈረንሳይ ያቋቋመው፣ ክህነት ሳይቀበሉ በመሐላ ራሳቸውን ለማስተማር የሚሰጡ ወንድሞች ያሉበት የካቶሊክ ማኅበር አባላት ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ ስላልሞሉ፣ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ጸንቶ የሚቆመው የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ ወላጆችም ልጆቻቸውን አምነው ሲሰጡት ነው፤ የእትሙ ጽሑፎችም ይህን መተማመን ከሥሩ ይመረምራሉ።

የዚህ መተማመን ጥያቄ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት፣ ማለትም የመንገድ ዳርቻዎችን መልሶ በሚገነባው የከተማ ፕሮጀክት፣ በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የካዛንቺስ ሰፈር ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲዛወር፣ ሕፃናትን በእግር ወደ ትምህርት ቤት ያደርስ የነበረው ጉርብትናና ቤተሰቦችን ያስተሳሰረው ዕድር አብረው ተናግተዋልና። ስለዚህ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ወላጆችና መምህራን በእጃቸው ያሉትን ፎቶግራፎችና ሰነዶች ጠብቀው ለተተኪው ትውልድ እንዲያስተላልፉ ዝግጅት ክፍሉ በአክብሮት ይጠይቃል።