ሹም ሽር በቴሌቪዥን

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የአገር ቤትን ነገር ነው የምናነሳው። ዛሬ ግን የምንኖርበትን አገር ጉዳይ ላንሳ። ነገሩ ከተፈጸመ ዓመታት አልፈውታል፤ ክርክሩ ግን ቡና በሚጠጣበት ጠረጴዛ ሁሉ እስካሁን አልበረደም። ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የኤፍ.ቢ.አይ. ዋና ዳይሬክተር የነበሩትን ጄምስ ኮሚን ያሰናበቱበትን ጉዳይ ማለቴ ነው። ቀኑ ሜይ 9፣ 2017 ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ወደ እኛው ልመልስ ብል እኔም እናንተም እንሳሳታለን።)

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ወዳጆቼ በዚሁ ጉዳይ ተያያዙ። አንደኛው ታክሲ ነጂ ነው፤ ዜግነት ካገኘ ጀምሮ ድምፁን ለዲሞክራቶች ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን፣ “ግብሬን የማይቆልልብኝ ፓርቲ ይሻለኛል” ብሎ ሪፐብሊካን ከሆነ ቆይቷል።

“የሚመረመር ሰው መርማሪውን ሲያባርር ዝም ይባላል?” አለ ታክሲ ነጂው።

“ፕሬዚዳንቱ በግላቸው እንዳልተመረመሩ ኮሚ ራሱ ምሎ መስክሯል። ደግሞስ የመሻር ሥልጣን ከሌለው ምኑን ፕሬዚዳንት ሆነ?” አለ ሌላው።

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ አስተናጋጇም ከሩቅ ታያቸው ጀመር። እኔ ደግሞ 2016ን አስታወስኩ።

በዚያ ዓመት ጁላይ 5 ቀን ኮሚ ጋዜጠኞችን ጠርተው፣ ሂላሪ ክሊንተን በኢ-ሜይላቸው አያያዝ እጅግ ጥንቃቄ የጎደላቸው ቢሆኑም ክስ ይመሥረትባቸው አልልም አሉ። ያን ጊዜ የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ፣ “ይህ ሰው ተገዝቷል!” ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። ኦክቶበር 28 ቀን፣ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው፣ ኮሚ ሌሎች ኢ-ሜይሎች ስለ ተገኙ እንመለከታቸዋለን ብለው ለኮንግሬስ ደብዳቤ ጻፉ። አሁን ጠረጴዛውን የደበደበው ታክሲ ነጂው ሆነ፤ “ዛሬውኑ መባረር አለበት!” አለ። የሒሳብ ሠራተኛው ግን “ጀግና ነው” ብሎ ቡና ጋበዘን። ከስድስት ወር በኋላ ሰውየው ሲባረሩ ሁለቱም ወንበር ተለዋወጡ። ኮሚ ያው ኮሚ ናቸው።

በወዳጆቼ ብቻ አልፈርድም። የዲሞክራቱ ሴናተር ቻክ ሹመር በኖቬምበር 2016 በኮሚ ላይ የነበራቸውን እምነት ማጣታቸውን ተናግረው ነበር፤ ኮሚ ሲባረሩ ደግሞ ትልቅ ስህተት ነው ካሉት ቀዳሚው ሆኑ። ትራምፕ በበኩላቸው በምርጫው ዋዜማ የኮሚን ድፍረት በአደባባይ አወድሰው ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው የኮሜዲያኑ የስቲቨን ኮልበርት ጉዳይ ነው። መባረሩን በዚያው ዕለት ለስቱዲዮ ታዳሚዎቹ ሲነግራቸው፣ ትራምፕን የማይወደው ያ ሁሉ ሕዝብ አጨበጨበ። ማዘን እንዳለበት ገና አልተነገረውም ነበር።

ሽረቱ የተሰማበት መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኮሚ ሎስ አንጀለስ ላይ ለሠራተኞቻቸው ንግግር ሲያደርጉ፣ ከፊታቸው በተሰቀለው ቴሌቪዥን ላይ መሰናበታቸውን አነበቡ፤ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። በእኛ አገር ባለሥልጣን ምሳውን እየበላ መሻሩን በሬዲዮ የሰማበት ዘመን ነበር። ሹም ሽር ሲታወጅ ጎረቤት ተጠራርቶ ሬዲዮ ይከብብ ነበር፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ያው ነው፦ “የወረደው የማን ሰው ነበር? የወጣውስ የማን ሰው ነው?” ምን አጥፍቶ ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቢጠይቅም የሚመልስለት የለም።

አሜሪካኖች ይህን ነገር ከራሳቸው ታሪክ ነው የተማሩት። ጄ. ኤድጋር ሁቨር መሥሪያ ቤቱን ከ1924 እስከ ሞቱበት እስከ 1972 ድረስ፣ 48 ዓመት ሙሉ፣ መሩ። በየሰዉ ላይ የሰበሰቡት ምስጢር ስለሚያስፈራ ፕሬዚዳንቶች መጡ፣ ሄዱ፣ እሳቸው ተቀምጠው ቀሩ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የሚነዱ ሁሉ የሚያውቁት፣ በፔንሲልቬንያ ጎዳና ላይ ያለው ያ አስቀያሚ የሲሚንቶ ሕንፃ የተሰየመው በእሳቸው ስም ነው። ለዚህም ሕግ ወጣ። በ1968 ዳይሬክተሩ በፕሬዚዳንቱ ተሹሞ በሴኔት እንዲጸድቅ፣ በ1976 ደግሞ ዘመኑ ከ10 ዓመት እንዳይበልጥ ተወሰነ። አሥር ዓመት የሆነው በዘፈቀደ አይደለም። ፕሬዚዳንት ቢበዛ ሁለት ጊዜ ተመርጦ 8 ዓመት ይገዛል፤ ዳይሬክተሩ ግን ከሾመው ሰው በኋላም እንዲቆይ፣ የማንም ሰው እንዳይሆን የታሰበ ነው።

ታዲያ ሕጉ፣ “ፕሬዚዳንቱ አይሽረውም” አይልም። እዚህ ላይ የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ ልክ ነው። ከትራምፕ በፊትም ተደርጓል። ቢል ክሊንተን በጁላይ 19 ቀን 1993 በሬገን የተሾሙትን ዊልያም ሴሽንስን ስልክ ደውለው አሰናብተዋል፤ በኤፍ.ቢ.አይ. ታሪክ የመጀመሪያው ተሻሪ እሳቸው ናቸው። ሴሽንስ በመሥሪያ ቤቱ አውሮፕላን ለግል ጉዳይ ተጉዘዋል፣ የቤታቸውን አጥር በመንግሥት ገንዘብ አሠርተዋል የሚል ሪፖርት ነበረባቸው። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ብሎ ላደገ ሰው አጥር ብዙም ላይከብደው ይችላል! ሰውየው ክሱን ክደው አልለቅም ቢሉም፣ ሪፖርቱ የወጣው ክሊንተን ሥልጣን ሳይዙ፣ በጆርጅ ቡሽ የመጨረሻ ቀናት ነበር። ስድስት ወር ያህል ሁሉም ሲያነበው ቆይቷል። ምክንያቱ ገሃድ ነበር ማለት ነው።

ታክሲ ነጂው የሚያነሳው ደግሞ የኦክቶበር 20 ቀን 1973ን ቅዳሜ ነው። ሪቻርድ ኒክሰን የዋተርጌትን ጉዳይ የሚመረምረውን አርቺባልድ ኮክስን አባርር ብለው ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉን ኤልየት ሪቻርድሰንን አዘዙ። ሪቻርድሰን ሥራቸውን ለቀቁ። ምክትላቸው ዊልያም ራክልስሃውስም እምቢ ብለው ወጡ። ትእዛዙን የፈጸሙት ሦስተኛው ባለሥልጣን ሮበርት ቦርክ ናቸው። እምቢ ያሉት ሁለቱም ራሳቸው ሪፐብሊካን ነበሩ፤ የሾሟቸውም ኒክሰን። ይህን ሳነሳ የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ ትንሽ ዝም ይላል። አሥር ወር ሳይሞላ ኒክሰንም ወረዱ።

በ2017 የተሰጠው ምክንያትስ? ምክትል ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ሮድ ሮዘንስታይን ጽፈውታል፦ ኮሚ የክሊንተንን ኢ-ሜይል ጉዳይ አበላሽተዋል የሚል ነው። ዲሞክራቶች ሲያሰሙት የከረሙትን ስሞታ ማለት ነው! በዚህ ማን ይከራከራል ተብሎ ታስቦ ይሆናል። ነገር ግን በሁለተኛው ቀን ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ለኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን፣ የሚመክራቸው ባይኖርም ሊያባርሯቸው ወስነው እንደነበር፣ ሲወስኑም የሩሲያ ጉዳይ በሐሳባቸው እንደነበር ተናገሩ። ኮሚ ደግሞ ሩሲያ በምርጫው ጣልቃ ስለ መግባቷና ከትራምፕ ዘመቻ ጋር ግንኙነት ነበር ወይ በሚለው ላይ ምርመራ መኖሩን በማርች 20 ለኮንግሬስ አረጋግጠው ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ታክሲ ነጂው ልክ ነው። መሻር መቻል አንድ ነገር ነው፤ በወረቀት የተጻፈው ምክንያትና በአፍ የተነገረው ሲለያዩ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ በ2017ም ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው፤ በዚህም ሁለቱም ይቀየሙኛል።

ከስምንት ቀን በኋላ ያው ሮዘንስታይን፣ የቀድሞውን ዳይሬክተር ሮበርት ሙለርን ልዩ መርማሪ አድርገው ሾሙ። ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ በአፕሪል 2019 ሪፖርቱ ለሕዝብ ወጣ። ከሩሲያ ጋር ማሴር አልተረጋገጠም አለ፤ ምርመራን በማደናቀፍ በኩል ግን ፕሬዚዳንቱን አልከሰሰም፣ ነፃ ናቸውም አላለም። እያንዳንዱ ወገን የሚስማማውን ግማሽ ቆርጦ ወደ ቤቱ ወሰደ።

“ይህ ሁሉ የፈረንጆች ሽኩቻ ለእኛ ምናችን ነው?” የሚሉ አሉ። እስቲ አሥር ጣታችሁን ተመልከቱ። ዲቪ ደርሷችሁም ሆነ ጥገኝነት ጠይቃችሁ፣ ለዜግነት ስታመለክቱ የጣት አሻራችሁን ሰጥታችኋል፤ የሚያጣራውም ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። በ2000ዎቹ በስም ማጣራት ብቻ ጉዳያቸው ዓመታት የተጓተተባቸውን ታስታውሳላችሁ። ከእነዚያ አንዱ ነኝ። የፖስታ ሳጥኔን በቀን ሁለት ጊዜ እየከፈትኩ በልቤ መዝገቡን የያዘውን ሠራተኛ ሰድቤዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልፈራሁም፦ የማን ወገን ነው ብሎ ይጠይቃል ብዬ አልሰጋሁም። ከአገሬ የወጣሁት ያንን ጥያቄ ሸሽቼ ነው። የአለቃው አለቃ በወንበሩ የሚቆየው “የማን ሰው” በመሆኑ ከሆነ፣ ያ ጥያቄ ከላይ ወደ ታች እስከ መዝገብ ቤት ይወርዳል፤ አወራረዱን እናውቀዋለን።

በእሑዱ ክርክር መካከል በወረቀት መሐረብ ላይ አራት ቁጥር ጻፍኩላቸው። ዳይሬክተሮቹን ሴኔት ያጸደቀባቸው ድምፆች ናቸው። ሙለር በ2001፦ 98 ለ 0። ኮሚ በ2013፦ 93 ለ 1። ክሪስቶፈር ሬይ በ2017፦ 92 ለ 5። ካሽ ፓቴል በ2025፦ 51 ለ 49። ሬይን የሾሟቸው ትራምፕ ነበሩ፤ አሥር ዓመታቸው ሊሞላ ከሁለት ዓመት በላይ ሲቀረው፣ ትራምፕ ሌላ ሰው እንደመረጡ ካስታወቁ በኋላ በጃንዋሪ 2025 በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ።

ታክሲ ነጂው መሐረቡን አገላብጦ አየው። “አየህ፣ የእናንተ ሥራ ነው” አለ። ሌላው፣ “የእናንተ ጥላቻ ነው እንጂ” አለ።

“እሺ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ” አልኳቸው። “አንድ ፕሬዚዳንት አንዱን ዳይሬክተር ከዘመኑ በፊት አሰናበተ። ምክንያቱን በወረቀት አንድ ዓይነት፣ በአፉ ሌላ ዓይነት ተናገረ። ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?”

ሁለቱም ስኒያቸውን አስቀምጠው በአንድ አፍ፣ “መጀመሪያ የፕሬዚዳንቱን ስም ንገረን” አሉኝ።