ለበዓል ወደ ቤት የሚገባ ተክልና የቤት ድመት

በዓል ሲቃረብ ቤትን በለምለም ነገር ማስጌጥ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ቀጤማ ይጎዘጎዛል፤ በመስከረም አደይ አበባ፣ በሆሳዕና ዘንባባ ወደ ቤት ይገባል። በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሞያሌና በሌሎቹ የደቡብ ቆላ ከተሞች ግን ገና የሚውለው ምድሩ በደረቀበት በበጋ ወራት ነው። በዚያ ወቅት በጣሳ የተተከለ አንድ ለምለም ተክል ሳሎኑን ነፍስ ይዘራበታል። ጥድ ቆርጦ ከማቆምም ይሻላል፤ በአሬሮና በያቤሎ የቀረው የጥድ ደን ለአንድ ሳምንት ጌጥ ሲባል ሊመነጠር አይገባውም።

ልማዱን እደግፋለሁ። የምነቅፈው፣ ተክሉ በአበባው መልክ ብቻ መመረጡን ነው። በእኔ አስተያየት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የቤታችን ድመት ብትቀምሰው ምን ትሆናለች?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ምናልባት አንዳንዶቻችሁ፣ «ድመት ሥጋ በል ናት፤ ቅጠል ምን ይሠራላታል?» ትሉ ይሆናል። ይሁንና ድመት ሣርና ቅጠል ማኘክ ትወዳለች። በቆላው በጋ ደግሞ ውጪው ሁሉ ደርቆ ሳለ፣ በቤት ውስጥ ያለው የጣሳ ተክል ለእርሷ ብቸኛው እርጥብ ቅጠል ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ጠጉሯን በምላሷ ስለምታጸዳ፣ ያልበላችው እንኳ በጠጉሯ ላይ ከነካ ወደ ሆዷ ይገባል። ጉበቷም አንዳንድ መርዞችን እንደ ሰው ጉበት አጣርቶ ለማስወገድ አቅም ያንሰዋል። እህሉን ከአይጥ የምትጠብቅልን ይህች እንስሳ በበዓል ማግስት ሞታ ብትገኝ፣ ጥፋቱ ተክሉን ያስገባው ሰው ነው።

«የአገራችን ተክል አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብም ልክ አይደለም። በደቡብ ቆላ በረሃ አዴኒየም የተባለ፣ ግንዱ ከሥሩ የወፈረ፣ ደማቅ ሮዝ አበባ የሚያወጣ ተክል አለ። ውበቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ጭማቂውን ለፍላጻ መርዝነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ የሚመታውም ልብን ነው። በየከተማው መንገድ ዳር የሚተከለው ኦሊያንደርም የዚሁ ወገን ነው። ለአጥር የምንተክለው ቅንጭብ ደግሞ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ እንደሚጎዳ እናንተም ታውቁታላችሁ። በገና ሰሞን የላይኛው ቅጠሉ የሚቀላው፣ ከሜክሲኮ የመጣው ፖይንሴቲያም የቅንጭብ ዘመድ ነው። እርግጥ ስለዚህ ተክል የሚወራው ከእውነቱ ይበልጣል፤ ድመትን ያስታውካታል፣ ያዝረበርባታል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድላትም። ከሁሉ የከፋው በአበባ መሸጫ የሚገኘው ሊሊ ነው። ብናኙን መላስ ወይም የቆመበትን ውኃ መጠጣት ብቻ የድመትን ኩላሊት በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሥራ ውጭ ያደርጋል።

ታዲያ ምን ይተከል? እኔ የማስቀድመው ክሎሮፊተም የተባለውን፣ ቀጭንና ረጅም ቅጠሉ በአረንጓዴና በነጭ መስመር የተዥጎረጎረውን ነው። ድመት ብታኝከው መርዝ የለውም። በወፋፍራም ሥሩ ውኃ ስለሚያጠራቅም ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ ብዙ አያስቸግርም። ልጆቹን በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ስለሚያንጠለጥል፣ አንዱን ቆርጦ ለጎረቤት መስጠት ይቻላል። ለሙስሊሙ ቤትም ይስማማል፤ ዒድ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ የአበባን ወቅት አይጠብቅም፤ ይህ ተክል ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው።

አበባ የግድ ያስፈልገኛል ለሚል ፈረንጆች የገና ቁልቋል የሚሉት ሽሉምበርገራ አለ። ስሙ አያሳስታችሁ፤ እንደ እኛ ቁልቋል ወተት የለውም፤ ድመትንም አይመርዝም። የበረሃ ተክልም አይደለም፤ በትውልድ አገሩ በብራዚል በተራራ ደን ውስጥ፣ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይበቅላልና የቆላውን የቀትር ፀሐይ አይችልም። ለማበብ ረጅም ጨለማ ይፈልጋል። ነገሌ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ የሳሎን መብራት ሲጨመርበት ደግሞ ጨለማው ይባስ ያጥራል። ስለዚህ ለታኅሣሥ 29 እንዲያብብ የሚሻ ሰው፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ለስድስት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት በካርቶን ይሸፍነው። ካርቶኑን ድመቷ እንዳትገለብጠው ከላዩ አንድ ድንጋይ መጫን ነው።